ከ82,000 ወደ 14,000 ብር፦ የስንብት ክፍያው ስንት ወር ያኖራል?

የደረሰኝ ጥያቄ

«ባለቤቴ በአሜሪካ ዕርዳታ በሚንቀሳቀስ ፕሮጀክት ውስጥ የፋይናንስ ባለሙያ ሆኖ 6 ዓመት ሠርቷል። ፕሮጀክቱ ሲንገዳገድ ቆይቶ ባለፈው ወር ተዘጋ። በእጁ 68,000 ብር ያገኝ ነበር። እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ፣ የሚደርሰኝ 14,000 ነው። ሲሰናበት የስንብት ክፍያውና ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ተደምሮ 380,000 ብር ተሰጠው። የቤት ኪራይ 25,000፣ የሁለት ልጆች ትምህርት ቤት ከሰርቪሱ ጋር 11,000፣ ዕቁብ 10,000 (በልተነዋል፣ 7 ወር ይቀረናል)፣ አስቤዛ 18,000፣ ትራንስፖርትና ስልክ 7,000፣ ለቤት ሠራተኛችን 5,000፣ ደሴ ላሉት እናቱ 4,000 እናወጣለን። እሱ ‹ሁለት ወር ነው፣ ሥራ ይገኛል፣ ኑሯችንን አናናጋ› ይላል። ጓደኛው ደግሞ 250,000 ብር አምጣና መርካቶ አብረን የልብስ ሱቅ እንክፈት እያለው ነው። ዱባይ የምትሠራ እህት አለችኝ፣ እሷን መጠየቅ አፈርኩ። እስካሁን ማንም አልሰማም፣ እናቱም ጭምር። ከየት እንጀምር?»

መልስ

እህቴ፣ ቁጥሮቹን ሳትደብቂ ዘርዝረሽ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው «ተቸግረናል፣ መላ በለን» ይለኛል። በወር ስንት እንደሚያወጣ ስጠይቀው ግን አያውቀውም። አንቺ ግማሹን መንገድ ሄደሽ ነው የጠየቅሽው።

እስቲ እንደምረው። ወጪያችሁ 80,000 ብር ይመጣል። ሁለታችሁ 82,000 ስታስገቡ ኑሮው ከገቢው ጋር ይሄድ ነበር። አሁን የሚገባው ያንቺ 14,000 ብቻ ነው። ሁሉም ባለበት ከቀጠለ በየወሩ 66,000 ብር ከስንብቱ ገንዘብ ላይ ይነሳል። 380,000ን ለ66,000 አካፍዪው፤ ስድስት ወር አይሞላም። ያውም ማንም ሳይታመም፣ ለቅሶ ሳይደርስ፣ በዓል ሳይመጣ፣ ዘይት ሳይጨምር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። ያንን ገንዘብ በብር መቁጠር ተዉና በወር ቁጠሩት። «380,000 ብር አለን» ሲባል ብዙ ይመስላል። «አምስት ወር ከምናምን ቀርቶናል» ሲባል ግን ሰው ነቃ ይላል። ከዛሬ ጀምሮ የምትወስኑትን ነገር ሁሉ በአንድ ጥያቄ ለኩት፦ ይሄ ነገር ስንት ሳምንት ይጨምርልናል? ወይስ ስንት ሳምንት ይወስድብናል?

አሁን ወደ ባለቤትሽ «ሁለት ወር» ልምጣ። ስሜቱ ይገባኛል። ስድስት ዓመት የቤቱን አብዛኛውን ወጪ የቻለ ሰው፣ ልጆቹን ከለመዱት ነገር ማውጣት ሽንፈት ሆኖ ይታየዋል። ግን ገበያውን በደንብ እንየው። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በጥር 2017 አቆመ። ዕርዳታውን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ድርጅት ዩኤስኤይድ ደግሞ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ገደማ ሥራውን አበቃ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች መካከል ከፍተኛውን የአሜሪካ ዕርዳታ ከሚያገኙት አንዷ ነበረች። የጤናውም፣ የምግብ ዋስትናውም፣ የትምህርቱም ፕሮጀክት በተቀራራቢ ጊዜ ሰው አሰናበተ። ስለዚህ ዛሬ አንድ የፋይናንስ ኦፊሰር ማስታወቂያ ሲወጣ፣ የሚያመለክተው ከባለቤትሽ ጋር አንድ ዓይነት ሲቪ ያለው ብዙ ሰው ነው። እሱ ጎበዝ አይደለም ማለቴ አይደለም። ሰልፉ ረዝሟል ነው የምለው።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ሥራ ቢገኝም የድሮው ደመወዝ አብሮ ላይገኝ ይችላል። አንድ የአገር ውስጥ ድርጅት ገብቶ በእጁ 35,000 ብር ቢያገኝ ከሚታሰቡት ነገሮች አንዱ ነው፣ መጥፎም አይደለም። ያን ጊዜ የቤታችሁ ገቢ 49,000 ይሆናል። የ80,000 ብር ኑሮ በ49,000 አይኖርም። ስለዚህ ወጪውን የምታወርዱት ለጥቂት ወር ጥርስ ነክሶ ለማለፍ ብቻ ሳይሆን፣ በአዲሱ ደመወዝም መኖር እንድትችሉ ነው። እኔ ወደ 42,000 እንድትወርዱ እፈልጋለሁ። እንዴት እንደሚሆን አንድ በአንድ እንሂድ።

ከመቀነሱ በፊት ግን የሚገባችሁ በሙሉ መከፈሉን አረጋግጡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የስንብት ክፍያ አሰላሉን አስቀምጦታል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 10 ቀን ይጨመራል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ሥራው የተቋረጠው ድርጅቱ በመዘጋቱ ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ በላዩ ይታከላል። ለባለቤትሽ 6 ዓመት 30 ሲደመር 50 ሲደመር 60፣ በድምሩ የ140 ቀን ይመጣል። ግብሩ ሳይነሳ ነው ይሄ። ያልተወሰደው ፈቃድና የማስጠንቀቂያ ጊዜው ለብቻ ይታያሉ። በቅነሳ ለሚሰናበት ሰው ማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ነው። የተሰጣችሁን ወረቀት ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ውሉ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ የተደረገ ከሆነና ጊዜው ደርሶ ያለቀ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ውሉን ይዛችሁ የሥራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ብታማክሩ የአንድ ሰዓት ክፍያው አይቆጫችሁም። ይሄን ነገር ግን አታሳድሩት። ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በይሉኝታ «ድርጅቱ ጥሩ ነበር፣ አሁን ምን ልበላቸው» ብሎ ቀኑ ያለፈበት ብዙ ሰው አለ። የጡረታ መዋጮው ግን ከሥራ ስለወጣ ብቻ የሚመለስ ገንዘብ አይደለም። እሱን በሂሳባችሁ ውስጥ አታስገቡት። የፕሮቪደንት ፈንድ (ድርጅቱና ሠራተኛው በየወሩ የሚያጠራቅሙት የቁጠባ ገንዘብ) ከነበረው ያ ሌላ ነው፤ ይጠይቅ።

አሁን ዕቁቡ። ዕቁቡን በልታችኋል። 7 ወር ማለት 70,000 ብር ዕዳ ነው። የሚያሳስበኝ ደግሞ ዕዳው ያለው በናንተ ጫንቃ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዋስ የሆነላችሁ ሰው አለ። እናንተ ብታቋርጡ ሰብሳቢው የሚሄደው ወደሱ ነው። ስለዚህ 70,000 ብሩን ዛሬውኑ ለይታችሁ አስቀምጡ። በሌላ ሂሳብ፣ በተለይ ካርድ በሌለው ሂሳብ፣ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ዕቁቡ የለም ብላችሁ አስቡ፣ ምክንያቱም ተከፍሏል። የኔ ልምድ የሚለው፣ ሰው ገቢው ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚያጓትተው ዕቁቡን ነው፤ ባንክ ስላልሆነ፣ ደብዳቤ ስለማይጽፍ፣ «ይረዱኛል» ብሎ። ነገ ሥራ የሚጠቁመው፣ ልጅ ሲታመም በሌሊት የሚደርሰው ግን ያ የዕቁብ ሰው ነው። አዲስ ዕቁብ ግን አትግቡ። ዕድሩ ይቀጥል። ወርኃዊው ትንሽ ነው፣ ሐዘን ሲመጣ የሚያድነው ወጪ ግን ትልቅ ነው። ዕድር ያቋረጠ ቤት በአንድ ለቅሶ የሁለት ወር ቀለቡን ሊያጣ ይችላል።

ኪራዩ ከሁሉ ትልቁ ነው። ከ25,000 ብሩ ጋር ተያይዛችሁ ሽሮና በርበሬ ላይ ብትቆጥቡ የትም አትደርሱም። መጀመሪያ አከራያችሁን አናግሯቸው። ጥሩ ተከራይ ማጣት ለአከራይም ወጪ ነው፤ ቤቱ ባዶ ይከርማል፣ ደላላ ይበላል። «ለስምንት ወር 18,000 እንክፈልዎት» ማለት ነውር የለውም። ካልሆነ ወደ 14,000 ብር ቤት ውረዱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ብዙ ሰው በርካሽ ለመከራየት ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ይሄዳል። ቤቱ ይረክሳል፤ ግን አንቺ ወደ ትምህርት ቤትሽ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤታቸው፣ እሱ ወደ ቃለ መጠይቅ ሲመላለሱ ልዩነቱን ትራንስፖርት ይበላዋል። ለዚህ ዓመት ከሰፈራችሁ ሳትርቁ የቤቱን ስፋት ቀንሱ። ባለሁለት መኝታውን ወደ ባለአንድ። ልጆቹ በእግር የሚሄዱበት ቦታ ካገኛችሁ ሰርቪሱም ይቀራል፣ የትምህርት ቤቱ ወጪ ከ11,000 ወደ 9,000 ይወርዳል።

አዲስ ቤት ስትከራዩ የኪራይ አዋጁን አስታውሱ። በቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። «የስድስት ወር ካልከፈላችሁ» የሚል አከራይ ቢገጥማችሁ አዋጁ ከናንተ ጋር ነው። አሁን ያላችሁበትን ውልም አንብቡ፤ ለመልቀቅ ስንት ጊዜ ቀድማችሁ ማሳወቅ እንዳለባችሁ የሚያሳየው እሱ ነው። እኔ በሂሳቤ ውስጥ የድሮውን ኪራይ ለሁለት ወር አስገብቼዋለሁ።

የልጆቹን ትምህርት ቤት እስከ ሰኔ አትንኩት። ዓመቱ ሳይጋመስ ማዘዋወር ልጆቹን ያናጋል፤ ቤት በተለወጠበት፣ አባት ቤት በዋለበት ወቅት ደግሞ አንድ ያልተለወጠ ነገር ያስፈልጋቸዋል። ክረምት ላይ ግን ገቢው ካልተስተካከለ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛውሯቸው። አንቺ መምህርት ነሽ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። አዲስ አበባ ላይ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለታዳጊዎቹ ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር እንደሚሰጡም ታውቂያለሽ። ትምህርት ቤቱን አሁኑኑ ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ በተርም የሚጠየቀውን ክፍያ በየወሩ ከፋፍሎ የሚቀበል አለ። ክፍያ ሲያልፍ ከመሸሽ ቀድሞ መናገር ሁሌም ይሻላል።

የቤት ሠራተኛችሁን ነገር በጥንቃቄ ያዙት። ባለቤትሽ ቤት እያለ 5,000 ብር መክፈል አትችሉም፤ ይሄ ግልጽ ነው። ግን በናንተ ላይ የደረሰውን በሷ ላይ አታድርሱት። የሷም ገቢ በአንድ ቀን ዜሮ ሊሆን ነው። አስቀድማችሁ ንገሯት፣ የወሩን ደመወዝና ተጨማሪ የአንድ ወር ስጧት፣ የምታውቁትን ቤት ፈልጉላት። ለዚህ 10,000 ብር መድቤያለሁ። ከዚያ በኋላ ልጆች መቀበሉ፣ እንጀራው፣ ልብስ ማጠቡ የሁለታችሁ ነው። አንቺ ሙሉ ቀን አስተምረሽ መጥተሽ ማድቤት ብቻሽን እንዳትገቢ። ይሄን ከመጀመሪያው ሳምንት ተነጋገሩበት፣ በኋላ ወደ ጠብ ይለወጣል።

አስቤዛውን ከ18,000 ወደ 13,000 ማውረድ ይቻላል። ጤፉን በኪሎ ከሱቅ መግዛት ትታችሁ ከጎረቤት ጋር ኩንታል ተካፈሉ። አዲሱ ጤፍ ገበያ ሲገባ ዋጋው የሚለዝብበት ወቅት አለ፤ ያን ጊዜ ያዙ። ሽንኩርት፣ ድንች፣ እንቁላል ከእሁድ ገበያ፣ ዘይትና ስኳር ከሸማቾች። በርበሬና ሽሮ እቤት አዘጋጁ። ለበዓል በግ ሙሉ መግዛት ይቅር፤ ቅርጫ ግቡ። የልጆቹን እንቁላልና ወተት ግን አትቀንሱ። እዚያ ላይ የሚገኘው ቁጠባ ትንሽ ነው፣ ጉዳቱ ግን አይታይም እንጂ ይቆያል። ትራንስፖርትና ስልክ ከ7,000 ወደ 4,000 ይውረድ። ራይድ መጥራት ይቁም፣ ታክሲና አውቶቡስ ተጠቀሙ። ለእናቱ 4,000 የነበረው 2,000 ይሁን፤ እሱ ላይ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

እንደገና እንደምር። ኪራይ 14,000፣ ትምህርት ቤት 9,000፣ አስቤዛ 13,000፣ ትራንስፖርትና ስልክ 4,000፣ ለእናት 2,000፤ ሲደመር 42,000። ያንቺ 14,000 ሲነሳለት ጉድለቱ 28,000 ይሆናል። ከ380,000ው ላይ ለዕቁብ 70,000፣ ለድሮው ኪራይ ልዩነት የሁለት ወር 22,000፣ ለደላላና ለዕቃ ማጓጓዣ 12,000፣ ለሠራተኛዋ 10,000 እናንሳ። 266,000 ይቀራል። ይህ ዘጠኝ ወር ተኩል ያኖራል። ባለቤትሽ በጎን በወር 10,000 ብር ብቻ ቢያመጣ ጉድለቱ 18,000 ይሆንና ያው ገንዘብ ከ14 ወር በላይ ይዘልቃል።

አሁን ደግሞ «ሁለት ሦስት ወር እንይና ካልሆነ እንቀንሳለን» የሚለውን እንፈትሸው። ባለቤትሽ ይሄን ስሌት ራሱ እንዲሠራው ወረቀቱን ስጪው፤ የፋይናንስ ሰው ነው፣ ከኔ ቃል ይልቅ ቁጥሩን ያምነዋል። ሦስት ወር በድሮው ኑሮ ማለት 198,000 ብር ወጣ፣ 182,000 ቀረ። የቀረው ዕቁብ 40,000። ለኪራይ ልዩነት፣ ለመጓጓዣና ለሠራተኛዋ ያው 44,000። የሚተርፈው 98,000 ነው፤ በ28,000 ሲካፈል ሦስት ወር ተኩል። በድምሩ ስድስት ወር ተኩል ብቻ። ኋላም መቀነሱ አልቀረም፣ ቤት መልቀቁም አልቀረም። የሦስት ወር ይሉኝታ ሦስት ወር ዕድሜ ወሰደ። ዛሬ የምትቀንሱት ብር በኋላ ከምትቀንሱት ብር እጅግ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

ምን ይሸጥ፣ ምን ይቀመጥ የሚለው ቀጥሎ መምጣቱ አይቀርም። ባለቤትሽ የወሎ ሰው ከሆነ ገበሬው በክፉ ዓመት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። መጀመሪያ ዶሮው፣ ከዚያ ፍየሉና በጉ ይወጣሉ። የእርሻ በሬው መጨረሻ ነው። በሬውን የሸጠ ሰው ሰኔ ሲዘንብ የሚያርስበት የለውም፤ ክፉው ዓመት ቢያልፍም ለሱ አያልፍም። የናንተ በሬ የቱ ነው? የሱ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔቱ፣ ለቃለ መጠይቅ የሚለብሰው ልብስ፣ ያንቺ ደመወዝና ጤናሽ። እነዚህን አትንኩ። ትልቁ ቴሌቪዥን፣ ተጨማሪው ሶፋ፣ ከባለአንድ መኝታ ቤት የማይገባው ቁም ሳጥን ይሸጥ፤ እንደውም ቤት ስትቀይሩ ከማጓጓዣው ወጪ ይተርፍላችኋል። ወርቅ ካለሽ ለመጨረሻው ይቆይ። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ሲዳከም ወርቅ ዋጋውን ጠብቋል። ከአራጣ በፊት ግን ወርቁ ይቅደም። ይሄን አጥብቄ ነው የምነግርሽ።

አራጣ ካልኩ ልጨርሰው። ችግር ላይ ያለ የፋይናንስ ባለሙያ አበዳሪ አያጣም። ገንዘቡን ይሰጡሃል፣ ዋስትና ብለው ቀኑ ያልተጻፈበት ቼክ ያስፈርሙሃል። አራጣ በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 712 የተከለከለ ነው። ግን በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣትም በአንቀጽ 693 ወንጀል ነው። አበዳሪው ወለዱን በወረቀት አያሳይም፣ ያንተ ፊርማ ግን ቼኩ ላይ አለ። ስንቱ ሰው ተበዳሪ ሆኖ ገብቶ ተከሳሽ ሆኖ ወጥቷል። በቴሌብር በኩል የሚገኙት እንደኪሴና መላ የመሳሰሉ ትናንሽ ብድሮች ደመወዝሽ ሦስት ቀን ቢዘገይ ያሻግራሉ። የወር ጉድለት በነሱ መሙላት ከጀመራችሁ ግን ስሌታችን ፈረሰ ማለት ነው። የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ከሆንሽ ብድሩ ወለዱ የተሻለ ነው፤ ክፍያው ግን ከዚያች ከአንዷ 14,000 ብር ላይ ይቆረጣል። እሱን ለሕመም አስቀምጪው። ደግሞ ባለቤትሽ ለሥራ ባልደረቦቹ ዋስ ሆኖ የፈረመው ብድር ካለ ጠይቂው። አብረውት የተሰናበቱ ከሆኑ ያ ዕዳ ወደናንተ ሊዞር ይችላል። ያንቺ ደመወዝ ቋሚ ስለሆነ ዋስ ሁኚን የሚልም ይመጣል። በዚህ ዓመት አይሆንም በዪ።

የሱቁን ነገር በአጭሩ ልመልስ፦ አይሆንም። መርካቶ መነገድ ክፉ ሆኖ አይደለም። ከ266,000 ላይ 250,000 ሲወጣ ለቤቱ የሚተርፈው 16,000 ብር ነው፤ ለአንድ ወር ጉድለት እንኳ አይበቃም። ሱቅ ከፍተህ የመጀመሪያዎቹን ወራት ትርፍ ሳትነካ መቆየት አለብህ። እናንተ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለጤፍ ከመሳቢያው ታወጣላችሁ። ንግዱን የሚገድለው ያ ነው። ጓደኛው ልብስ ነጋዴ ከሆነ ባለቤትሽ መጀመሪያ ያለ ገንዘብ ለሦስት ወር መዝገቡን ይያዝለት። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ዕቃው በስንት ቀን ይሸጣል፣ ስንት ብር በዱቤ ውጭ ቀረ፤ ይሄን በዓይኑ ካየ በኋላ መወሰን ይችላል። ይሄን መዝገብ ለማሳየት የማይፈልግ ሸሪክ ደግሞ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ያ 10,000 ብር ከየት ይመጣል ለሚለው፣ የሱ ሙያ የታደለ ነው። ከተማው ውስጥ መዝገቡ የተዝረከረከ ነጋዴ ሞልቷል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው የግብር ወቅት ሒሳብ የሚያስተካክልለት ሰው የማይፈልግ የለም። ከዚያ ውጭም በየወሩ የደመወዝና የተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ሒሳብ የሚያሠራ፣ ቋሚ አካውንታንት መቅጠር የማይችል ትንሽ ድርጅት አለ። ሁለት እንደዚህ ያሉ ደንበኞች ካገኘ ቁጥሩ ሞላ። ይሄ ከገንዘቡ ሌላ ጥቅም አለው። ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ያለው ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቀርብም ፊቱ ይለያል። አንቺም ክረምት ላይ ማስጠናት ትችያለሽ፤ ግን ሁሉንም አንቺ ላይ እንዳትጭኚው።

የሕክምናውን ነገር አትርሱ። ከድርጅቱ ጋር የነበረው የጤና ሽፋን አብሮ ተቋርጧል ብዬ እገምታለሁ። ወረዳችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እናንተን የሚቀበል መሆኑንና ምዝገባው መቼ እንደሆነ ጠይቁ።

ከሁሉ የከበደው ማንም አለመስማቱ ነው። ገመና መሸፈን ከባሕላችን ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ለደበቃችሁት ነገር ትከፍሉበታላችሁ። ሰርግ ሲጠሩ እንደድሮው ትሰጣላችሁ፣ እንግዳ ሲመጣ እንደድሮው ታስተናግዳላችሁ፣ ሥራ ሊጠቁም የሚችለውም ሰው ሳይጠቁም ያልፋል። ለሰፈሩ ሁሉ አውጁ አልልም። የዕቁቡ ሰብሳቢ፣ ሁለት ሦስት የሚታመኑ የሥራ ወዳጆች፣ የቅርብ ዘመድ፤ ይበቃል። እናቱን ግን ራሱ ይንገራቸው። ደሴ ድረስ ሄዶ፣ ካልሆነም በስልክ፣ ግን በራሱ አንደበት። ከ4,000 ወደ 2,000 ያለ ምክንያት የወረደ ገንዘብ እናት ላይ ሌላ ሐሳብ ይጥላል፤ «ምን አጠፋሁ» ይላሉ፣ ወይም አንቺን ያስቀይማል። እውነቱን ከሰሙ አብዛኞቹ እናቶች «ለልጆቹ ይሁን» ነው የሚሉት። ያን ጊዜም ቢሆን 2,000ውን አታቋርጡ።

ለልጆቹም እንደየዕድሜያቸው ንገሯቸው። «አባዬ አዲስ ሥራ እየፈለገ ነው፣ እስከዚያ ገንዘብ እየቆጠብን ነው» ይበቃል። ልጅ ከግድግዳ ጀርባ የሚሰማው ሹክሹክታ ይበልጥ ያስፈራዋል።

እህትሽን ጠይቂያት። ግን አጠያየቁ ላይ አስቢበት። ዱባይ ያለ ሰው ሁሉ ጥሪ ሲመጣ ልቡ ይደነግጣል፤ የብዙ ቤት ሸክም አለበት። «ተቸግረናል» ብለሽ አትጀምሪ፤ ስንት እንደምትፈልጉ ሳታውቅ ትጨነቃለች። የሠራችሁትን ስሌት ንገሪያት። «ቤታችንን ቀንሰናል፣ በጀት ይዘናል፣ ዘጠኝ ወር እንችላለን። ከመካከላችን ሰው ቢታመም ወይም እሱ እስከ ሰኔ ሥራ ባያገኝ የልጆቹን የአንድ ተርም ክፍያ ትችይልን ይሆን?» በያት። ቁርጥ ያለ መጠን፣ ቁርጥ ያለ ጊዜ። አሁን ገንዘብ አትጠይቂያት፤ ቃሏን ብቻ ያዢ። ብር መላክ ከመጣ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ ክፍያ እንደዋለ ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ ላኪላት።